ከእግር ወደ እጅ፦ የአንድ የጅማ ደራሲ ረቂቅ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን የጻፍነውን የምንነባበብ ሰዎች አለን። ብዙ አይደለንም፤ ስንበዛ አሥራ አንድ፣ ክረምት ሲገባ አምስት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ክፍል በወር ተከራይተን፣ ቡናችንን እዚያው እያፈላን እንቀመጣለን። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ረቂቆችን አንብቦ አስተያየት የመስጠቱ ሥራ ሳልመረጥ በእኔ ላይ ወደቀ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንድ ሰው በእጅ የተጻፈ 412 ገጽ ረቂቅ በፌስታል ይዘው መጡ። ከዚያ ቀን እስከ ግንቦት 2015 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን እዚህ እመዘግባለሁ። ባለጉዳዩ ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ቅጽል ስምና የሰፈሩን ስም ላላነሣ ተስማምተናል፤ «ደራሲው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ደራሲ የኖረውን ይጽፋል ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፣ ለተማሪዎቼም ብያለሁ። ይህ ጉዳይ አባባሉን አላፈረሰብኝም። ነገር ግን በኖሩትና በጻፉት መካከል ምን ያህል ወንፊት እንዳለ አሳይቶኛል።

የደራሲው ሕይወት

ደራሲው በ1955 ዓ.ም. ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ተወለዱ። አባታቸው ቡና ሰብሳቢ ነበሩ። ከገበሬው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይገዛሉ፣ ያስፈለፍላሉ፣ ጅማ ላለ ነጋዴ ያስረክባሉ። በመጋዘኑ ፊት ለፊት ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረች። እቤት ውስጥ እናት የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሚዛኑ ዘንድ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛ ብቻ። ልጁ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ቋንቋ እየቀየረ አደገ። ይህን ያነሣሁት ለወግ አይደለም፤ ኋላ ዋናው ነገር ሆኖ ይመጣል።

በደርግ ዘመን የቡናው ንግድ አብዛኛው በመንግሥት ኮርፖሬሽን እጅ ሲገባ መጋዘኑ ተዘጋ። አባትየው በ1978 ዓ.ም. አረፉ። ልጅየው ከሁለት ዓመት በኋላ ቡና ቀማሽ ሆነው ተቀጠሩ፤ ለ28 ዓመትም ከዚያ ሥራ አልወጡም።

ቡና ቅምሻ ላላየ ሰው፦ በሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲኒዎች ይደረደራሉ፣ በተፈጨው ቡና ላይ የፈላ ውሃ ይፈሳል፣ ከላይ የሚሰፍረው አረፋ በማንኪያ ይገመሳል፣ በዚያች ቅጽበት ቀማሹ አፍንጫውን ወደ ሲኒው ያስጠጋል። ከዚያ በማንኪያ ፉት አድርጎ፣ በአፉ አንከባሎ ይተፋል። ደራሲው በአንድ ፉት ሻጋታ የነካውን፣ አፈር አፈር የሚለውን፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተውን፣ ጆንያው ጣዕሙን የሰጠውን ይለያሉ። ቡድናችን ውስጥ ቡና የምታፈላው ልጅ መጀመሪያ ሰሞን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለምን ቀማሽ እንደሆኑ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። «ሚዛን ላለመንካት።»

የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ጥር 1965 ዓ.ም.፣ አባታቸው የአንዲት ገበሬ ሴትን ጀንፈል ሲመዝኑ ሲያጭበረብሩ አይተዋል። ለማንም አልተናገሩም። «ሚዛን የያዘ ሰው ንጹሕ ሆኖ አይውልም» የሚል እምነት ያን ቀን ያዙ፤ እምነቱም በአፍ የሚነገር ብቻ አልነበረም፣ ኖሩበት። ገበያ ላይ ቲማቲም ሲገዙ የሻጯን ሚዛን አያዩም፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። የዕድር ገንዘብ ያዥ ሁኑ ሲባሉ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋል። ልቦለድ ለመጻፍ የተነሡትም ያንን ቀን ለመጻፍ ነው።

ረቂቁና ችግሩ

ታሪኩ ባጭሩ፦ አንድ ባለጠጋ ቡና ነጋዴ አንዲት መበለት ገበሬን እያጭበረበረ ይከብራል። መበለቲቱ ትረግመዋለች። ይወድቃል። ልጁ ጻድቅ ይሆናል።

ሦስት የቡድናችን አባላት አራተኛው ምዕራፍ ላይ አቆሙ። ሳስገድዳቸው ምክንያታቸውን ተናገሩ። አንደኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ነጋዴው ግን ይርበዋል?» አለ። ሁላችን ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ሳየው እውነቱን ነው፤ በ412 ገጽ ውስጥ ነጋዴው አንድም ጊዜ እህል አልቀመሰም። አይተኛም፣ አያስነጥስም፣ አይቀልድም። ይሰርቃል ብቻ።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር። ቡና በተጠጣበት ገጽ ሁሉ ቡናው «መዓዛው የሚያውድ» ነው። በመቶ የሚቆጠር የቡና ነውር በምላሱ የሚለይ ሰው ለገዛ መጽሐፉ የሰጠው ቡና ማንም ከሰላምታ ካርድ ላይ ሊገለብጠው የሚችል ነው። ስጠይቃቸው፣ «እሱኮ ሥራ ነው። ይሄ ድርሰት ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ ችግሩን በሙሉ ይዟል። ደራሲው ሕይወታቸውን ለሁለት ከፍለውታል። ያስቆጣቸው ሕይወት ለድርሰት የሚሆን ነው። እንጀራ ያበላቸው ሕይወት ግን ለድርሰት አይመጥንም። እምነታቸውን ያሳያል ያሉትን አስገቡ፣ ከእምነታቸው ጋር ጉዳይ የሌለውን ጣሉ። በቁጥር ሲታይ የጣሉት ይበልጣል።

የመጀመሪያው እርምጃ፣ የእኔ ስህተት

ኅዳር ላይ፣ ስድስት ሰው በተሰበሰበበት፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነጋዴ አባትዎ ናቸው አይደል?» አልኳቸው። ቅንነት መስሎኝ ነው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ወሬውንም ወደ ዝናቡ መለሱት። ከዚያ ሁለት ወር አልመጡም።

ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «አንተ ልጅ፣ አባቴን የምሰድበው እኔ ነኝ፤ አንተ ስሙንም አትጥራ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ረቂቁ የምናወራው ሁለታችን ብቻ ሆነን ነው፤ እኔም «ነጋዴው» እንጂ «አባትዎ» አልልም። ሌሎች የሚያነቡት እሳቸው የመረጡትን ገጽ ብቻ ሆነ። ሥራው የተንቀሳቀሰው ከዚህ ስምምነት በኋላ ነው።

ሦስት ዓምድ

የመስመር ደብተር ገዝተን ገጹን በሦስት ከፈልነው፦ «ያየሁት»፣ «የነገሩኝ»፣ «በኋላ ያሰብኩት»። ስለ ልጅነታቸው ልቦለዱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር ከሦስቱ በአንዱ እንዲገባ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ሁሉንም በመጀመሪያው ዓምድ ሞሉት። በሁለተኛው ንባብ መሰረዝ ጀመሩ። ሴትዮዋ መበለት መሆኗን ማን ነገራቸው? ማንም፤ ያሰቡት ነው። እርግማኑስ? ከሌላ ሰው ታሪክ የሰሙት ነው። ነጋዴው ባለጠጋ ነበር? እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ለካ በዚያ ሰሞን ቤታቸው የሚበላው ቆጮና ጎመን ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ከሦስቱ የጠበበው የመጀመሪያው ዓምድ ሆነ። ልቦለዱ የቆመው በሦስተኛው ላይ ነው። ሰው አላየውም፣ አልሰማውም፤ አስቦታል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስላሰበው ያየው መስሎታል።

በዚህ ሰሞን አንድ ክርክር ነበረን። እሳቸው፣ ትልልቆቹ ደራስያን የደረሰባቸውን ትልቁን ነገር ነው የጻፉት አሉ። እኔ ሐዲስ ዓለማየሁን አነሣሁ። ሐዲስ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ዓመታት ታስረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ስለ ጦርነቱም ስለ እስሩም አይደለም። ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረችው የልጅነታቸው ጎጃም ናት፤ ቆሎ ተማሪው፣ ቅኔው፣ የባላባቱ ቤት። ጦርነቱን ለብቻው፣ በትዝታ መልክ፣ በሌላ መጽሐፍ ጻፉት። እሳቸው ደግሞ የኢሉባቦሩን ልጅ በዓሉ ግርማን አመጡብኝ፤ አስመራ ላይ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ውስጥ ሆኖ ያየውን ሳይውል ሳያድር በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ አወጣው፣ በየካቲት 1976 ደግሞ ወጥቶ ቀረ። ሁለቱም ምሳሌዎች እውነት ናቸው። እኔ የፈለግሁት አንዱን ነጥብ ነበር፦ አንድ ሰው ላይ የደረሰው ትልቁ ነገር የግድ ትልቁ መጽሐፉ አይሆንም። ክርክሩን ግን አላሸነፍኩም፤ «የእኔ ትልቁ ነገር ግን ይሄ ነው» ብለው ዘጉት።

ሚዛኑ ዘንድ

ረቂቁ ውስጥ የማጭበርበሩ ትዕይንት እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «ያ የማይጠግብ እጁ ወደ ሚዛኑ ተዘረጋ። ረጃጅም ጣቶቹ በዘንጉ ላይ እንደ ሸረሪት ተራመዱ።»

ከቡድናችን አንዱ ቡና መፈልፈያ ቤት ይሠራል። እዚያ አሁንም በሥራ ላይ ያለ አሮጌ የብረት ሚዛን አለ፤ ከታች ጆንያ የሚቆምበት ሰሌዳ፣ ከላይ ቁጥር የተቀረጸበት ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ድፍን ብረት። «እንደዚህ ያለ ነበር» አሉ ደራሲው። የካቲት 2013 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ሦስታችን ሄድን።

ልጁ የት እንደነበረ ጠየቅኋቸው። የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነበር አሉ። እኔ ሚዛኑ ጋ ቆምኩ፣ እሳቸው በዚያ ከፍታ እንዲቀመጡ አንድ ዝቅተኛ ዱካ አመጣን። ተቀመጡ። አዩኝ። ከዚያ፣ «አይታየኝም» አሉ።

ዘንጉ ከአሥር ዓመት ልጅ ዓይን በላይ ነው፤ ጆንያውም ይጋርደዋል። ከዚያ ቦታ ጣቶች አይታዩም። የሚታየው ወለሉ፣ ሰሌዳውና የመዛኙ እግር ነው።

ትንሽ ቆዩ። ኋላ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ፣ እኔም ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁ። «ጫማውን አውልቆ ነበር። የቀኙን። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ጣቱን በሰሌዳው ሥር አስገባት። ጣቲቱ ወጥታ ታየችኝ። እኔ ያየሁት ጣቲቱን ነው፣ ያቺን ራቁቷን።»

ሞከርነው። ጫማዬን አውልቄ በአውራ ጣቴ ሰሌዳውን ከሥር ደገፍኩ። ዘንጉ ላይ ወደ አራት ኪሎ ቀነሰ፤ ከሩብ ፈረሱላ ትንሽ ያነሰ። የቤቱ ባለቤት ከበሩ ሆኖ አይቶን፣ «ይሄን ደግሞ ማን አስተማራችሁ?» ብሎ ሳቀ። አሳሳቁን አልወደድኩትም።

እንግዲህ እግሩ እንዴት እጅ ሆነ? ማንም አልዋሸም። የምንጽፍበት አማርኛ ሌብነትን የሚያኖረው እጅ ላይ ነው። ሌባን «እጁ አያርፍም» እንላለን፤ «እግሩ አያርፍም» ብንል ዟሪ ማለት ይሆናል። ደራሲው በዓመታት ውስጥ ነገሩን ለራሳቸው በቃል ሲተርኩ ቃሉ የተዘጋጀለትን ቦታ መረጠ። እጅ ከመጣ ዘንድ ሸረሪት መጣ፤ ሸረሪት ከመጣ ባለጠጋ መጣ፤ ባለጠጋ ደግሞ የተቀደደ ካልሲ አያደርግም፣ ስለዚህ ካልሲው ወጣ። እምነቱን የወለደው ግን ካልሲው ያለበት ትዕይንት ነበር።

ሴትዮዋ ያለችው

ሁለተኛው ግኝት የቋንቋው ነው። በረቂቁ ሴትዮዋ ግማሽ ገጽ ትናገራለች፤ «የድኻ ላብ እንደ ጤዛ ተኖ አይቀርም…» ብላ ትጀምርና ሰማይና ምድርን ትጠራለች። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ቅኔ ቤት የዋለች ሴት አማርኛ ነው። ሴትዮዋ ግን አማርኛ አትችልም ነበር።

ስለዚህ ትዕይንቱን በሆነበት ቋንቋ እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። የእኔ አፋን ኦሮሞ ገበያ የማያስርብ ያህል ነው፤ ከቡድናችን አንዷ አብራን ተቀመጠች። ደራሲው በአፋን ኦሮሞ ሲተርኩ ታሪኩ በሙሉ ከሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ስለ መልኩ፣ ስለ ሰማዩ፣ ስለ ፍርዱ ምንም የለም። ሴትዮዋ ክብደቱ ሲነገራት አንድ ጊዜ ጆንያውን፣ አንድ ጊዜ ሰውየውን አየች። «ቶሌ» አለች፤ ይሁን፣ እሺ እንደ ማለት። ብሯን ተቀብላ ሄደች።

ደራሲው እዚህ ላይ እንባ ተናነቃቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግማሹ ገጽ ተሰርዞ በቦታው ይህ ተጽፎ መጣ፦

«ሴትዮዋ ብሩን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ‹ቶሌ› አለች። ባዶውን ጆንያ አራግፋ፣ አጣጥፋ፣ በብብቷ ያዘች። የአባባ እግር ወደ ጫማው ተመለሰ።»

በ412 ገጽ ውስጥ «አባባ» የሚለው ቃል የገባው እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ነጋዴው አባት ሆነ። ማንም እንዲህ አድርግ አላላቸውም።

ያልሠሩ ሙከራዎች

ከዚህ ስኬት በኋላ ተንጠራራን። አንዱን ምዕራፍ በአባትየው አንደበት እንዲጽፉት ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አርባ ገጽ ጻፉ። አርባውም ኑዛዜ ነው። አባትየው ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ጥፋታቸውን ያምናሉ፣ ይቅርታ ይለምናሉ፣ ልጃቸው ትክክል እንደነበር ይመሰክራሉ። ልጅ አባቱን ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ቃሉን ራሱ እየጻፈለት ነው። ጣልነው። ጊዜው አልቆጨኝም፣ ግን የእሳቸው ቆጭቶኛል፤ ሁለት ወር ሌሊት ሌሊት የተጻፈ ነበር።

የቅምሻውን ሕይወት ማስገባትም መጀመሪያ አልሆነም። ስለ ቅምሻ ሲጽፉ መማሪያ መጽሐፍ ይሆንባቸዋል፤ «ጅማ 5» የሚባለው የቡና ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ ሦስት ገጽ አስረድተዋል። ደረቅ ቡና ማለት ይህ ነው፣ የታጠበ ማለት ያ ነው። በመጨረሻ የሠራው ማስረዳቱን ትቶ የሰውየውን ልጅ ቀማሽ ማድረግ፣ ከዚያም አፉን እንዲጠቀም መተው ብቻ ነበር። አሁን አንድ ገጽ ላይ ልጁ ለቅሶ ቤት የቀረበለትን ቡና ፉት ብሎ ጆንያው ስንት ጊዜ እርጥበት እንዳየ ያውቃል፤ ለቀስተኛው ግን አያውቅም። እሱ ገጽ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል።

የእህትየው ምስክርነት

ደራሲው በሰባት ዓመት የሚበልጧቸው እህት አሏቸው። ሦስተኛ እርምጃ ብለን ያሰብነው እሳቸውን መጠየቅ ነበር። ይህን ቀድመን ማድረግ ነበረብን፤ ዘግይተን ስለሄድን መጽሐፉን ጨርሰን ለፈቃድ ብቻ የመጣን መሰላቸው። ተቆጡ። «ሬሳ ትቆፍራላችሁ» አሉን። ስድስት ወር ወንድማቸውን አላናገሩም፤ ፋሲካን ለየብቻ ዋሉ። ወጪው ይህን ያህል እንደሚሆን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሐሳቡን አላነሣም ነበር።

ሲታረቁ የነገሩን ግን ረቂቁን አበለጸገው። ያ ዘመን የቡና ፍሬን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ የገባበት ነበር። ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1963 ዓ.ም. ነው፣ በጥቂት ዓመታትም ቡና አብቃዩን አካባቢ አዳረሰ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁራል፣ ሙሚያ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ደራሲው ይህን ሁሉ በሥራቸው ያውቁታል። ከጥር 1965 ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኙትም።

እህትየው እንዳሉት አባታቸው በዚያ ዓመት ከሚገዙት ጀንፈል ብዙው ጥቁር ነበር፤ የጅማው ነጋዴ ሲረከብ በጥቁሩ ልክ ይቀንስባቸዋል። ሰብሳቢው ደግሞ ከገበሬው ይቀንሳል። ያቺን ሴት ያውቋታል፤ ባል ያላት፣ ክረምቱን ሙሉ ከሱቃቸው ጨው በዱቤ የምትወስድ ሴት ነበረች። ዱቤውን ማስመለሻ ይሁን፣ የጥቁሩ ቅናሽ ይሁን፣ ተራ ሌብነት ይሁን፣ እሳቸውም አያውቁም።

አንዳንድ የቡድናችን አባላት እዚህ ላይ እፎይ አሉ። አባትየው ነጻ ወጡ፣ ልጅየው ይታረቃሉ፣ መጽሐፉም ያምራል። ደራሲው ግን፣ «ቅናሹን መቀነሱ አይደለም ነገሩ። ሳይነግራት መቀነሱ ነው። ትክክል ቢሆን ጫማውን ለምን አወለቀ?» አሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። በሽታውን አስገቡ፣ ጨዉን አስገቡ፣ ባልየውን አስገቡ፤ እግሩን ግን ከሰሌዳው ሥር አላወጡትም።

ለሌላ ረቂቅ የሚጠቅመው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የሌሎችን ረቂቅ ሳነብ የማደርጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

ሦስቱን ዓምድ ከሁሉም ጋር እሞክራለሁ። ከዕድሜ ልክ ቁጣ ለተነሣ ድርሰት ይሠራል። ከፍቅር ለተነሣ ብዙም አልሠራልኝም፤ አንዲት ወጣት ሁለት ሳምንት ሞልታ ሞልታ «ሁሉንም አስቤዋለሁ» ብላ ደብተሩን መለሰችልኝ።

ትዕይንቱ በሌላ ቋንቋ የሆነ ከሆነ በዚያው ቋንቋ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ። ጅማ ላይ ይህ ለብዙዎቻችን ይሠራል፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በየምኛ፣ በዳውሮኛ፣ በካፊኛ የኖርነውን በአማርኛ እንጽፋለን። የሚፈለገው ትርጉም አይደለም። ታሪኩ ምን ያህል እንደሚያጥር ማየት ብቻ ነው። የሚቀረው ርዝመት ብዙውን ጊዜ የደራሲው አስተያየት ነው።

ቦታው ላይ ሄዶ በልጁ ከፍታ መቀመጥን የሚያህል ምክር የለኝም። ርካሽ ነው፣ አንድ ማለዳ ይበቃዋል።

ዘመድ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ይጠየቅ፤ ጨርሶ መሄድ ፈቃድ መጠየቅ አይመስልም።

የደራሲን እምነት ለመለወጥ መሞከር ግን የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ኅዳር 2013 ላይ የተነሣሁት ሳልናገረው እሱን ለማድረግ ነበር፤ ሰውየውን ከአባታቸው ጋር አስታርቄ ጥሩ ልቦለድ ላወጣ። ደራሲው ዛሬም ገበያ ላይ ከሚዛን ፊታቸውን ያዞራሉ። የተለወጠው ልቦለዱ ነው፤ አሁን ነጋዴው ይርበዋል፣ ምሳውን ቆጮና ጎመን ይበላል፣ ልጁን «የኔ ጌታ» ይለዋል፣ ከዚያ ጫማውን ያወልቃል። የሚያስጨንቀው አሁን ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አዲሱን አራተኛ ምዕራፍ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን መለሰልኝና ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።

አሁን ያለበት

ረቂቁ ከ412 ወደ 268 ገጽ ወርዷል። ግንቦት 2015 ዓ.ም. ላይ በኮምፒውተር ተለቅሞ ተጠናቀቀ። ማተሚያ ቤት አልገባም፤ የወረቀት ዋጋ ሲያሳዩን ሁለታችንም ዝም አልን። ለጊዜው በፎቶ ኮፒ የተጠረዙ ጥቂት ቅጂዎች አሉ።

አንዱን ለእህትየው ሰጥተናቸው ነበር። ሦስት ሳምንት አቆዩት። ሲመልሱልን እኔም ነበርኩ፤ መነጽራቸውን አድርገው የሚዛኑን ትዕይንት አወጡና በእርሳስ ያሰመሩበትን አንድ ቃል አሳዩን። ካልሲው ግራጫ ተብሎ ነበር።

«ቡኒ ነው» አሉ። «የምጠቅመው እኔ ነበርኩ፤ ያን ሰሞን ክር አጣሁ።»

ደራሲው እስክሪብቶ ጠየቁኝ።